ዕዳው ገብስ ነው

ለምወድህ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ማክሰኞ ዕለት ከአሠሪህ፣ ይቅርታ፣ ከቀድሞው አሠሪህ ለዋሱ ተብሎ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። የሥልጠናህ ወጪ 180,000 ብር በ15 ቀን ውስጥ፣ አለበለዚያ ክስ ይላል። ሥራ መልቀቅህን የሰማሁት ከዚህ ወረቀት ነው። ከብሩ ይልቅ ያንገበገበኝም ይኸው ነው። ወሩን ሙሉ "ሥራ እንዴት ነው?" ስልህ "ደህና ነው" ትለኝ ነበር።

ንዴቴ ሲበርድ ውሉን ከሳጥን አወጣሁና መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት። ማንበብ የነበረብኝ ስፈርም ነበር። ያን ቀን ግን የሊፍት ጥገና ልትማር ቱርክ መሄድህ ብቻ ነበር የታየኝ፤ በጣት ባሳዩኝ ቦታ ሁሉ ፈረምኩ። በሬ ሆይ የተባለው ለእኔ ነው።

ተራ ቁጥር 6 ከሥልጠናው በኋላ 36 ወር እንድታገለግል፣ አቋርጠህ ከሄድክ ደግሞ ወጪውን "ያላገለገለበት ጊዜ ተሰልቶ" እንድትመልስ ያዛል። አንተ 14 ወር ሠርተሃል፤ የቀረህ 22 ነው። 180,000 ለ36 ሲካፈል በወር 5,000 ብር ይደርሳል። ስለዚህ ዕዳህ 110,000 ነው። እነሱ ያገለገልክበትን ጊዜ እንዳልነበረ አድርገው ነው የጻፉት።

ገንዘቡ ከምን ከምን እንደተሰበሰበ ዝርዝሩን ከነደረሰኙ በጽሑፍ ጠይቃቸው። የአውሮፕላን ትኬቱ፣ የሆቴሉ፣ የአሠልጣኙ ክፍያ ይሁን፣ አልከራከርም። ከቱርክ ተመልሰህ ሕንፃ ለሕንፃ ስትዞር የተከፈለህን ደመወዝ "ሥልጠና" ብለው ከቆጠሩት ግን እሱ የላብህ ዋጋ ነውና አትቀበል።

ጠበቃው ጎረቤታችን ቡና ሊጠጣ ብቅ ሲል ወረቀቱን አሳየሁት። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሥራ የሚለቅ ሠራተኛ 30 ቀን ቀድሞ ያሳውቃል አለኝ። ሳታሳውቅ ወጥተህ ከሆነ (ጠባይህን ስለማውቅ ነው) በዚህ የምትጠየቀው ካሳ ከ30 ቀን ደመወዝ አይበልጥም። የሥራ ልምድ ማስረጃህን ያለ ክፍያ ሊሰጡህ ግዴታ አለባቸው፤ የዕዳ መያዣ አይደለም።

ሌላም ነገር እየሳቀ ነገረኝ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1922፣ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ ገንዘብ ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም። የእኔን ቅጽ ብናየው የገንዘቡ ቦታ ባዶ ነው! እናትህ እልል ልትል ምንም አልቀራትም።

እኔ ግን እዚያ ቢሮ ቁጭ ብዬ "ልጄ አይጠፋም፣ እኔን አምናችሁ ውሰዱት" ብያለሁ። ስለዚህ ሳትውል ሳታድር ሂድና አነጋግራቸው። 110,000ውን እመን፣ በየወሩ እንድትከፍል ተስማማ፣ ስምምነቱን አስፈርም። ስልክ አትዝጋባቸው። ከፈለጉ ይክሰሱ፤ የተደበቀ ሰው ግን እውነት ቢኖረውም ማን ያምነዋል?

አያትህ ጉዳዩን ሰምተው "ዕዳው ገብስ ነው" አሉኝ። የዘንድሮን የገብስ ዋጋ የሚያውቁ አይመስለኝም።

ከበጎቹ ሽያጭ 20,000 ብር በባንክ አስገብቼልሃለሁ። ብድር ነው፣ ስጦታ አይደለም። የውሉን ቅጂ ቅዳሜ በሚነሳው አውቶቡስ እልክልሃለሁ፤ ሾፌሩ ሲደርስ ይደውልልሃል። የእሱን ስልክ እንኳ አንሳ።

አባትህ
ደሴ