ለአንድ ቱታ የታሰረ መልቀቂያ
ግልጽ ደብዳቤ ለከተማችን ከንቲባና የክለባችን የቦርድ ሰብሳቢ

ክቡር ከንቲባ፣

ሰኔ ላይ ከፕሪምየር ሊጉ ከመውረድ የተረፍን ቀን ሜዳ ገብተው ያቀፉኝ ተጫዋች ነኝ። ላቤ ኮትዎን አርሶት ነበር። «አንበሳ ነህ፣ ውለታህን አንረሳም» አሉኝ። ያን ቀን የአራት ወር ደመወዝ አልተከፈለኝም ነበር። አሁን አምስት ሆኗል፣ ከየካቲት እስከ ሰኔ። ሰኔ 30 ውሌ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ቢሮዎ ሰባት ጊዜ ተመላልሻለሁ፣ ሁለት ማመልከቻ መዝገብ ቤት አስገብቻለሁ፣ ስልኬን ለጸሐፊዎ ትቻለሁ። ማንም አልደወለልኝም። ስለዚህ ሰው ሁሉ እያየ እጽፍልዎታለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ መልቀቂያዬን ልወስድ ክለቡ ቢሮ ሄድኩ። የሚወስደኝ ክለብ አግኝቻለሁ፣ መልቀቂያ አምጣ ብሎኛል። ፎርሙ አምስት ፊርማ ይፈልጋል። አራቱን አስፈረምኩ። የቀረው ንብረት ክፍል ነበር። ሰውዬው መዝገቡን ገልጦ በጣቱ እየተከተለ አነበበልኝ። ማልያ ሁለት፣ ገብቷል። ካልሲ፣ ገብቷል። የልምምድ ቱታ አንድ፣ አልገባም። ቱታው ድሬዳዋ ልምምድ ላይ ጉልበቱ ጋ ተቀዶ ያኔውኑ ለወጌሻችን ሰጥቼዋለሁ። ነገርኩት። «ካልገባ አልፈርምም» አለ። «ወንድሜ፣ እናንተ ጋ የአምስት ወር ደመወዝ አለኝ እኮ፣ ከሱ ቁረጡት» ስለው «እሱ የፋይናንስ ነው፣ እኔን አይመለከተኝም» አለኝ። በሱ አልፈርድም፣ ታዞ ነው። ግን ለአንድ ቱታ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ቢሮ የኔን አምስት ወር እንዴት ይረሳል? ፎርሙ አራት ፊርማ ይዞ አሁንም ኪሴ ውስጥ አለ።

ሰው ኳስ ተጫዋች ሲባል የሚያወራው ስለ ሚሊዮን ነው። የኔ ቤት ግን የኪራይ ቤት ነው። ሊጉ ከ2013 ጀምሮ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ነው የሚካሄደው፣ እኛም ወራቱን የምንገፋው ሆቴል ውስጥ ነው። ሚያዝያ ላይ ባለቤቴ ደወለች። አከራያችን ጨዋታውን በዲኤስቲቪ አይተው ኖሮ፣ «ባልሽን በቴሌቪዥን እያየሁት ብር የለንም ትይኛለሽ?» ብለዋታል። በማግስቱ ጨዋታ ነበረኝ። 90 ደቂቃ ተጫውቻለሁ፣ ኳሱን ግን በቅጡ ያየሁት አይመስለኝም። የዚያን ወር ኪራይ አማቴ ናቸው ከዕቁባቸው ያወጡት። 31 ዓመቴ ነው፣ የሁለት ልጆች አባት ነኝ፣ አማቴን ዓይናቸውን ማየት አፍራለሁ።

ደንቡን እርስዎም ያውቁታል። የፊፋ ደንብ የሁለት ወር ደመወዝ የተያዘበት ተጫዋች ክለቡን በጽሑፍ አስጠንቅቆ 15 ቀን ከሰጠ በኋላ ውሉን ማቋረጥ ይችላል ይላል። ከመጋቢት በኋላ ይህን ማድረግ እንችል ነበር። ማታ ማታ ሆቴል ውስጥ ተሰብስበን ተነጋግረንበታል። ቡድኑ ወራጅ ቀጠና ውስጥ ነበር። ካፒቴናችን «አሁን ጥለን ብንወጣ ከተማው ይወርዳል፣ ሕዝቡ ምን አደረገን?» አለ። ቆየን። እርስዎ ሰኔ ላይ ያቀፉን ስለቆየን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ እስካሁን ይቆጠቁጠኛል። አምና አብሮን የነበረ የውጭ አገር ግብ ጠባቂ ሦስት ወር ሳይከፈለው ሲቀር በቀጥታ ለፊፋ ጻፈ። ፊፋ ያልከፈለን ክለብ እስከ ሦስት የዝውውር መስኮት (የተጫዋች ምዝገባ ወቅት) ድረስ አዲስ ተጫዋች እንዳያስመዘግብ ማገድ ይችላል። የፊፋ ደብዳቤ እንደደረሰ በጀት ተገኘ፣ ልጁም ገንዘቡን ተቀብሎ አገሩ ገባ። ደስ ብሎኛል፣ ሀቁ ነው። እኔ ግን ኢትዮጵያዊ ነኝ፣ ክለቡም የኢትዮጵያ ነው፣ ስለዚህ ፊፋ ጉዳዬን አያየውም፣ እዚሁ ጨርስ ነው የሚለኝ። እዚህ ደግሞ «በጀት አልተለቀቀም» ትሉኛላችሁ። ለሱ የተለቀቀው በጀት ከዚሁ ካዝና አይደለም እንዴ? አገሬ ላይ የምጫወት የአገሬ ልጅ ስለሆንኩ ነው ኋላ የምሰለፈው? ጥር 2015 ብሔራዊ ቡድናችን ለአፍሪካ አገሮች ሻምፒዮና (ቻን) አልጄሪያ ሲሄድ አንድም የውጭ ሊግ ተጫዋች አልነበረውም፣ ውድድሩ አይፈቅድማ። ከኛ ዓይነት ክለብ፣ ከኛ ዓይነት ካምፕ የወጡ ልጆች ናቸው ማልያውን የለበሱት።

«ነገ ና» የሚለው ቃል ደግሞ ለኔ ቀላል አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ የደመወዝ ጥያቄ ክስ ካልቀረበበት በስድስት ወር በይርጋ ይታገዳል። የየካቲት ደመወዜ የካቲት 30 መከፈል ነበረበት፣ ነሐሴ 30 ስድስት ወሩ ይሞላል። ክስ ልመሠርት የውሌን ኮፒ ጠየቅኩ። «ፋይሉ ተቆልፎበታል፣ ቁልፉን የያዘችው ልጅ ሥልጠና ላይ ናት» ተባልኩ። ሳምንት ቆይቼ ሄድኩ፣ ያው መልስ። አንድ ሳምንት ባመላለሳችሁኝ ቁጥር አንድ ሳምንት ከመብቴ ላይ እየተቆረሰ ነው። ይህን የሕግ ክፍላችሁ አያውቅም ብዬ አላምንም።

እኔ ሜዳ ላይ የመስመር ተመላላሽ ተጫዋች ነኝ፣ በሩጫዬ ነው የምበላው። ጉልበቴ ከፈቀደ ሁለት ዓመት ብጫወት ነው። ሌላ ሙያ የለኝም፣ ከ14 ዓመቴ ጀምሮ ከታዳጊዎች ፕሮጀክት ወደ ቢ ቡድን፣ ከዚያ ከፍተኛ ሊግ፣ ከዚያ ፕሪምየር ሊግ እያልኩ ኳስ ብቻ ነው የሠራሁት። የዝውውር መስኮቱ ሲዘጋ ደግሞ ከሁለቱ ዓመት አንዱ ይሄዳል፣ ያንን ማንም በጀት አይመልስልኝም። እዚያው ወረፋ ላይ ያገኘኋቸው ሌሎች ልጆችም አሉ። ስማቸውን አልጠራም፣ አንዳንዶቹ ገና ውል አላቸውና ይፈራሉ።

ሰኞ ጠዋት 2:30 ቢሮዎ በር ላይ እገኛለሁ። ቱታውን ከገበያ ገዝቼ ይዤ እመጣለሁ፣ ብሩን ከጓደኛዬ ተበድሬያለሁ። ንብረት ክፍሉ ይፈርምልኝ። እርስዎ ደግሞ የውሌን ኮፒ፣ መልቀቂያዬንና የአምስት ወር ደመወዜን ያዘጋጁልኝ።