ጉብታውን አትፈልጊው

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ወደ ጀርመኗ ፍሪመርስዶርፍ ከመሄድሽ በፊት ይህን አንብቢ። እዚያው አቅራቢያ፣ ከኮሎኝ ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ፣ በኤርፍት ወንዝ ዳር የነበረው የሁስተርክኑፕ ጉብታ፣ ማለት ምሽግ የተሠራበት ሰው ሠራሽ የአፈር ቁልል፣ ዛሬ የለም፤ ቡናማ የድንጋይ ከሰል ሲወጣ አብሮ ተጠርጓል። የሆክሽታደን መኳንንት መቀመጫ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1248 የኮሎኝን ካቴድራል የመሠረት ድንጋይ ያኖሩት ሊቀ ጳጳስ ኮንራድ ከዚሁ ቤት ናቸው።

ስለ ቦታው የምናውቀው አብዛኛው ነገር የተገኘው ከሰሉ ከመውጣቱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ 1951 የአርኪዮሎጂ ባለሙያው አዶልፍ ሄርንብሮት በመሩት ቁፋሮ ነው። እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ምሽጉ ሲጀመር ጉብታ አለመኖሩ ነው። ከሥር የተገኘው ሜዳ ላይ የተሠሩ፣ የውኃ ቦይና የግንድ አጥር የከበባቸው የእንጨት ቤቶች ናቸው። በኋላ አፈር ተደልድሎ ዝቅተኛ ጉብታ ሆነ፤ ቆይቶም ከፍ ተደረገ። ከላይ ብቻ ያየው ሰው ባንድ ጊዜ የተሠራ ይመስለዋል። ለዚህ ነው ጉብታ ከዳር እስከ መሀል ተቆርጦ ጎኑ የሚታየው፤ የቀድሞው መሬት ጠቆር ያለ መስመር ሆኖ ይለያል።

ምሰሶ ሲበሰብስ ጉድጓዱን ጥቁር አፈር ይሞላዋል። የዛፍ ሥርና የአይጥ ጉድጓድም እንዲሁ ጥቁር ምልክት ስለሚተዉ፣ ግማሹን ወደ ታች ቆርጠሽ ጎኑን ሳታዪ ምሰሶ ነው ብለሽ አትቁጠሪ።

በሁስተርክኑፕ ግን እንጨቱ ራሱ ተርፎ ነበር። ውኃ የጠገበ መሬት አየር አያስገባም፤ እንጨት የሚበሉት ፈንገሶችም ያለ ኦክስጅን አይኖሩም። ጭንቁ ከወጣ በኋላ ነው። ቅርጹን የያዘለት ውኃው ስለሆነ ከደረቀ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል፣ ወደ ቀድሞው አይመለስም። ስለዚህ ወዲያው ውኃ ውስጥ ይገባል። ዛሬ ውኃው ቀስ በቀስ ፖሊኤቲሊን ግላይኮል በሚባል ሰም መሰል ነገር ይተካል፤ ለወፍራም ግንድ ዓመታት ይፈጃል። ከዚያ በፊት ለዛፍ ቀለበት ቆጠራ ናሙና መቆረጥ አለበት። ከቅርፊቱ ሥር ያለው የመጨረሻ ቀለበት ከጠፋ ዛፉ የተቆረጠበት ዓመት በትክክል አይገኝም፤ ቅርፊት ያለበትን ቁራጭ አጥቦ መላጥ የማይጠገን ጥፋት ነው።

የምሽጉን ሥዕል ወይም ሞዴል ካገኘሽ የየትኛው ዘመን እንደሆነ ጠይቂ። የሜዳው ቤቶችና ከፍተኛው ጉብታ አንድ ላይ ከታዩ አትመኚው።

እናትሽ