እኔ የቆረጥኩት ፎቶ

ይድረስ ለዋና አዘጋጁ፣

ባለፈው ሳምንት ፊት ገጻችሁ ላይ ያወጣችሁትን የሰልፍ ፎቶ አየሁት። መቼና የት እንደተነሳ ከሥሩ አልተጻፈም። ዓይኔ ግን አወቀው። አሮጌ ጋዜጣ መጣል አይሆንልኝም፤ ከቁልሉ ፈልጌ አወጣሁና አስተያየሁት። ከሦስት ዓመት በፊት በሌላ ጉዳይ ላይ ራሳችሁ ያተማችሁት ነው። ጃንጥላ የያዘችው ሴትዮ እንኳን ያቺው ናት።

ልወቅሳችሁ ብቻ አይደለም የምጽፈው። የእኔም እጅ ንጹሕ አይደለም። 19 ዓመት የጋዜጣ ገጽ አዘጋጅ ነበርኩ። አንድ ማታ የስብሰባ ፎቶ መጣልኝ። ከአዳራሹ በግራ በኩል ሰው ጥቅጥቅ ብሏል፤ በቀኝ በኩል ያለው ወንበር ባዶ ነው። ገጹ ላይ የቀረኝ ቦታ ሁለት ዓምድ ብቻ። ማተሚያ ቤቱ ደግሞ ይጠብቃል። ባዶውን ወገን ቆረጥኩት። ማንም አላዘዘኝም። ተንኮልም አልነበረኝም፤ ቦታ አልበቃ ብሎኝ ነው።

በማግስቱ ጎረቤቴ «አዳራሹ እኮ ጢም ብሎ ነበር!» አለኝ። «ኧረ ግማሹ ባዶ ነበር» ብዬ ብነግረው ጋዜጣውን ዘርግቶ አሳየኝ። የገዛ መቀሴን ሥራ ማስረጃ አድርጎ አመጣብኝ! ምን ልበለው?

ትልልቆቹም ቢሆኑ በዚሁ ተሰናክለዋል። ናሽናል ጂኦግራፊክ እ.ኤ.አ. በ1982 የጊዛን ፒራሚዶች በኮምፒውተር አቀራርቦ ሽፋኑ ላይ አወጣቸው። ሰበቡ የእኔው ዓይነት ነው፤ አግድም የተነሳ ፎቶ ለቋሚ ሽፋን አልመች አለ። በ2003 ደግሞ የሎስ አንጀለስ ታይምስ ጋዜጣ ፎቶ አንሺ ብራያን ዋልስኪ ኢራቅ ውስጥ ያነሳቸውን ሁለት ፎቶዎች አንድ አድርጎ ላከ። ከኋላ ካሉት ሰዎች አንዳንዶቹ ሁለት ሁለት ጊዜ ታዩና ተጋለጠ። ሥራውንም አጣ።

እሱ ሁለት ፎቶ አንድ ላይ ሰፋ፣ ተያዘ። እኔ ቆረጥኩ፣ ማንም አልጠየቀኝም። ምክንያቱም እኔ ካተምኩት ውስጥ ሐሰት የሆነ አንድም ነገር የለም።

በዚያው በ2003፣ ኤፕሪል 9፣ ባግዳድ ፊርዶስ አደባባይ ላይ የሳዳም ሐውልት ሲወድቅ የነበረውን አስታውሱ። ከቅርብ የተቀረጸውን ያየ ሰው ከተማው በሙሉ የወጣ መስሎታል። ከሩቅ የተነሳው ላይ ግን አብዛኛው አደባባይ ባዶ ነው። ሁለቱም እውነተኛ ምስል ናቸው። በቴሌቪዥን ሲደጋገም የዋለው የቅርቡ ነው፤ ሰው ልብ ውስጥ የቀረውም እሱ ነው።

ሌንስም የራሱ ጨዋታ አለው። በረጅም ሌንስ ከሩቅ የተነሱ ሰዎች የተደራረቡ ይመስላሉ። በ2020፣ በኮሮናው ጊዜ፣ ሁለት የዴንማርክ ፎቶ አንሺዎች ተራርቀው የቆሙ ሰዎችን በሁለት ዓይነት ሌንስ አንስተው አሳይተው ነበር። በአንዱ ተጨናንቀዋል፣ በሌላው መሐላቸው ሰፊ ክፍተት አለ። በዚያ ሰሞን በፎቶ ብቻ ስንቱ ሰው ግዴለሽ ተብሎ ተሰድቦ ይሆን?

አሁን ሁሉም «ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጣብን» ይላል። መምጣቱ እውነት ነው። በ2023 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ ነጭ ወፍራም ጃኬት ለብሰው የሚታዩበት የፈጠራ ምስል ብዙዎችን ሸውዷል። ግን ያንን ዓይነቱን ምስል ሰው ዛሬ ዛሬ መጠርጠር ጀምሯል። የእኔን ባለ ሁለት ዓምድ ፎቶ ማን ይጠረጥረዋል?

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። ከማኅደር ያወጣችሁት ፎቶ ከሆነ «ከማኅደር» በሉና የተነሳበትን ቀን ጻፉ። እርማት ስታወጡም ስሕተቱ በወጣበት ገጽ ይሁን። ፊት ገጽ ላይ አሳስታችሁን 14ኛው ገጽ ላይ፣ ከጨረታ ማስታወቂያ ሥር፣ በአጉሊ መነጽር አታስፈልጉን።

ያ የስብሰባ ፎቶ ሙሉው አሁንም ቤቴ አለ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ጊዜ አገኘሁና ወንበሮቹን ቆጠርኳቸው። ሰው ያለባቸው 41 ናቸው። ባዶዎቹ 64። እርማት አላወጣንም።

አክባሪያችሁ፣
ጡረተኛው ገጽ አዘጋጅ