ሎሚ ማሽተት መፍትሔ አይሆንም

ቀን፦ ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.
ለቪአር መጫወቻ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ
ስታዲየም አካባቢ፣ አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ደንበኞችን የሚያቅለሸልሹ የቪአር መነጽሮች (ዓይን ላይ ተጠልቀው በኮምፒውተር የተፈጠረ ዓለም የሚያሳዩ) በአግባቡ እንዲስተካከሉ ስለመጠየቅ

ቤታችሁ የሚገቡ ደንበኞች ገና 10 ደቂቃ ሳይሞላቸው ላብ ላብ እያላቸውና እያቅለሸለሻቸው መነጽሩን ያወልቃሉ። አስተናጋጆቹ ሎሚ ያሸቷቸውና «ይለመዳል» ብለው መልሰው ያጠልቁላቸዋል። ሎሚ የዓባይ በረሃን በአውቶቡስ ለሚወርድ መንገደኛ ነው፤ ያን ጠመዝማዛ ማቅናት አይቻልማ። እናንተ ዘንድ ግን የችግሩ ዋና ምንጭ የመነጽሩ አስተካከል ነው፤ አብዛኛውም ያለ ወጪ ይታረማል። ይህን የምንጽፈው የቪአር መሣሪያ የምንጠግንና ፕሮግራም የምንሠራ ባለሙያዎች ነን።

ሚኒባስ ውስጥ አቀርቅሮ ስልክ የሚያነብን ሰው የሚያጥወለውለው ዓይኑ የቆመ ነገር እያየ የውስጥ ጆሮው ግን መኪናው መሄዱን ስለሚነግረው ነው። ቪአር ነገሩን ይገለብጠዋል፦ ዓይን ይሮጣል፣ ጆሮ ቆሟል። ይህ ግጭት ጨርሶ አይጠፋም፤ የእናንተ አሠራር ግን ያባብሰዋል።

ከሁሉም የከፋው ሌንሱ ነው። የምታከራዩት ኩዌስት 2 የተባለው መነጽር በሁለቱ ሌንሶች መካከል በእጅ እየተገፋ የሚስተካከል ሦስት ዓይነት ርቀት አለው፤ 58፣ 63 እና 68 ሚሊሜትር። እናንተ ጋ ሁሉም መነጽር ከጠዋት እስከ ማታ 3ኛው ላይ ይውላል። 58 የሚስማማው ልጅ 68 ሲሰጠው ምስሉ ይደበዝዝበታል፣ ዓይኖቹ ሁለቱን ምስል አንድ ለማድረግ ይታገላሉ፣ ቀጥሎ ግንባሩን ያመዋል። መለካቱ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ደንበኛው ሩቅ ይመልከት፤ ማስመሪያ ቅንድቡ ላይ አድርጋችሁ ከአንዱ ብሌን መሐል እስከ ሌላው መሐል አንብቡ። እስከ 61 ሚሊሜትር ከሆነ 1ኛው፣ ከ61 እስከ 66 ከሆነ 2ኛው፣ ከዚያ ካለፈ 3ኛው። የኋላ ማሰሪያውም ከራስ ቅሉ ጉብታ በታች ይያዝ፤ አናት ላይ ሲታሰር መነጽሩ ወደ አፍንጫ ይወርድና ልኬቱ ከንቱ ይሆናል።

መብራቱም አለ። መነጽሩ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው በ4 ካሜራዎቹ ክፍሉን እያየ ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ሆኖ ሳለ በመነጽሩ ማስተካከያ ውስጥ ያለውን የመከታተያ ድግግሞሽ 60 ላይ ትታችሁታል፤ አምፖሎቹ ሲርገበገቡ ካሜራዎቹ ይሳሳታሉ፣ በተጫዋቹ ዓይን ፊት ያለው ዓለም ይንቀጠቀጣል። 50 ላይ አድርጉት። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር እስኪነሳ ድረስ ደግሞ መነጽሩ በባትሪ ቢሠራም በጨለማ ቦታውን ይስታል። ያኔ ደንበኛው መነጽሩን ያውልቅ። መብራቱ ሲመለስ በእጅ የሚያዘውን መቆጣጠሪያ (ኮንትሮለር) መሬት አስነክታችሁ የወለሉን ከፍታ እንደገና ሙሉ፤ አሁን በግምት ስለሚሞላ ሰው አየር ላይ የተንጠለጠለ ይመስለዋል።

የመኪና ውድድር ጨዋታው ከኮምፒውተር ወደ መነጽሩ የሚመጣው ደንበኛው ሁሉ ስልኩን በሚያገናኝበት ዋይፋይ ነው። በሴኮንድ 90 ምስል ማለት ለአንድ ምስል 11 ሚሊሴኮንድ ገደማ ብቻ ነው፤ ምስሉ ከዘገየ ራስ ሲዞር ዓለሙ ኋላ ይቀራል። ኮምፒውተሩን ከራውተሩ ጋር በኬብል አገናኙ፤ ራውተሩም እዚያው ክፍል ውስጥ፣ በ5 ጊጋኸርዝ የዋይፋይ ሞገድ ላይ፣ ለመነጽሩ ብቻ ይዋል። ኮምፒውተሩ 90 ካልደረሰ የምስሉን ጥራት ቀንሱ። ደብዛዛ ተራራ ማንንም አላስመለሰም።

አዲስ ሰው ሲመጣ በሮለርኮስተር (ሽቅብ ቁልቁል በሚምዘገዘግ ባቡር) ጨዋታ የምታስጀምሩትስ ለምንድን ነው? ሰው ራሱ ሳይቆጣጠር ሽቅብ ቁልቁል የሚወሰድበት ጨዋታ ከሁሉም የባሰ ያጥወለውላል፤ ሾፌር ከተሳፋሪው ያነሰ የሚያቅለሸልሸውም ለዚሁ ነው። በመጀመሪያ ባሉበት ቆመው የሚጫወቱት ይሰጥ። መሄድ ያለባቸው ጨዋታዎች ላይ የምስሉ ጉዞ በመንሸራተት ፈንታ ከቦታ ቦታ በመዝለል፣ መዞሩም በ30 ወይም በ45 ዲግሪ በአንዴ እንዲሆን አድርጉ፤ በእንቅስቃሴ ጊዜ የምስሉን ዳር የሚያጠቁረውን ምርጫም ክፈቱ። ከፊት ለፊት ቬንቲሌተር ቢኖር ሙቀቱን ይቀንሳል፣ ፊት የት እንደሆነም ለሰውነት ይጠቁማል።

«ይለመዳል» የሚባለው ደግሞ በግማሹ ነው እውነቱ። የሚለመደው በአጫጭር ጊዜ ተጫውቶ፣ ምልክቱ ሲጀምር አቁሞ፣ በሌላ ቀን ሲመለሱ ነው። ምራቅ አፍ ሲሞላ፣ ማዛጋት ሲደጋገም፣ ግንባር ሲያልብ መነጽሩ ወዲያው ይውለቅ፤ ታግሶ መቀጠል ማቅለሽለሹን ሰዓታት ያስቆየዋል። አምራቹ ራሱ በየ30 ደቂቃው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ እረፍት ይመክራል። የእናንተ የ1 ሰዓት ጥቅል ግን እረፍት የለውም፣ ያቋረጠም ገንዘቡ አይመለስለትም። እያዞረው ደረጃ ወርዶ አስፋልት የሚሻገር ሰው አደጋው በእናንተ በር ላይ ነው።

ስለዚህ ከላይ የጠቀስናቸው በ15 ቀን ውስጥ እንዲታረሙ፣ ማቅለሽለሽ ሊኖር እንደሚችል ክፍያ ከመቀበላችሁ በፊት በጽሑፍ እንዲነገር፣ አሞት ላቋረጠ ደንበኛ የቀረው ደቂቃ ሒሳብ እንዲመለስ እንጠይቃለን። ስለ አገልግሎቱ በቂና ትክክለኛ መረጃ ማግኘት በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተሰጠ መብት ነው። ምላሽ ካላገኘን ቅሬታውን ለሚመለከተው የንግድ ቢሮ እናቀርባለን። የሌንስ አለካኩን ለአስተናጋጆቹ ለማሳየት አንድ ከሰዓት በኋላ በነፃ እንመጣለን።

ከሰላምታ ጋር