ጆሮ ውስጥ የቀረ ውሃ በጥጥ አይወጣም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ዋናና ስለ ጆሮ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብበነዋል። አብዛኛው ደህና ነው። «ውሃው አልወጣ ካለ በጥጥ መጥረጊያ ቀስ አድርጎ ማድረቅ ይቻላል» የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ግን ዝም ተብላ መታለፍ የለባትም። ቀስ ተብሎም ሆነ በኃይል፣ ጥጥ የጆሮን ውሃ አያወጣም።

የአዋቂ ሰው የጆሮ ቦይ ርዝመቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ቀጥ ያለ ግን አይደለም፣ መሐሉ ላይ ይጣመማል። ወደ ውጭ ያለው አንድ ሦስተኛው ለስላሳ አጥንት ስለሆነ ሲስቡት እሺ ይላል፤ ፀጉሩም ኩኩም ያለው እዚያ ነው። የቀረው ሁለት ሦስተኛው ጠንካራ አጥንት ሲሆን የለበሰው ቆዳ በጣም ስስ ነው። ታምቡሩ አጠገብ ሲደርስ የቦዩ ወለል ዝቅ ይላል፤ ውሃ ብዙ ጊዜ የሚቋጠረው እዚያች ጎድጓዳ ቦታ ላይ ነው። መጠኑ ጥቂት ጠብታ፣ ቦዩም ጠባብ በመሆኑ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ቀጭን ስትሮ ውስጥ የቀረ ውሃ ስትሮው ቢዘቀዘቅም አልወርድ እንደሚለው። ኩክ የበዛበት ጆሮ ከሆነ ደግሞ ውሃው ከኩኩ ጀርባ ይታሰራል።

የጥጡ ራስ ከቦዩ ስፋት ብዙም አያንስም። ስለዚህ ሲገባ ፊቱ ያገኘውን ኩክም ውሃም ወደ ታምቡሩ ይገፋል። ሲወጣ ጫፉ ላይ የሚታየው እርጥበትና ቡናማ ነገር ሰውን ያታልላል፤ የወጣው ደጃፉ ላይ የነበረው ነው፣ ዋናው ወደ ውስጥ ተጠቅጥቋል። በውሃ የራሰ ቆዳ ደግሞ በትንሽ ነገር ይላጣል። ኩክ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ቆሻሻ አይደለም፤ ቅባቱ ውሃ ይመልሳል፣ መጠነኛ አሲድነቱም ባክቴሪያና ፈንገስ እንዳይራቡ ያደርጋል። እሱን ጠርጎ፣ ቆዳውን ጭሮ፣ እርጥበቱን ውስጥ መተው ኢንፌክሽን መጋበዝ ነው። በክብሪት እንጨትና በፀጉር ሽቦ የሚኮረኩረውማ ታምቡሩን እስከ መብሳት ይደርሳል።

የሚሠራው ዘዴ ቦዩን ማቅናት ነው። የታሸገው ጆሮ ሙሉ በሙሉ ወደ መሬት እስኪመለከት ጭንቅላትን ማጋደል ያስፈልጋል፤ ትንሽ ዘንበል ማለት አይበቃም። ከዚያ በሌላኛው እጅ በአናት ላይ አሻግሮ የጆሮን የላይኛውን ጠርዝ ይዞ ወደ ላይና ወደ ኋላ መሳብ። ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት አሳሳቡ ይለያል፦ ቦያቸው የሚቀናው ጆሮው ወደ ታችና ወደ ኋላ ሲሳብ ነው። ጆሮው እንደተሳበ አፍን በሰፊው መክፈትና መዝጋት፣ ማዛጋት ወይም ማላመጥ ይጠቅማል፤ የመንጋጋው መገጣጠሚያ ከቦዩ ፊት ለፊት ስላለ እንቅስቃሴው የቦዩን ቅርጽ ይለዋውጠዋል፣ የተጣበቀውም ውሃ ይላቀቃል። አንድ ሁለት ደቂቃ መታገሥ ነው። ካልሆነ ፎጣ ላይ በዚያው ጎን 5 ወይም 10 ደቂቃ መተኛት።

አሁንም አልወጣ ካለ መዳፍን ትንሽ ጎድጎድ አድርጎ ጆሮው ላይ መግጠም፣ ለስለስ አድርጎ ገፋ፣ ወዲያው ለቀቅ ማድረግ፤ አምስት ስድስት ጊዜ። ሲለቀቅ የሚፈጠረው ስበት ውሃውን ይነቀንቀዋል። ጆሮው ወደ መሬት ሳይመለከት ይህን ማድረግ ግን ትርፉ ውሃውን መልሶ ወደ ውስጥ ማስገባት ነው። በመዳፍ መምታት ፈጽሞ አይገባም፤ ጆሮ ላይ ያረፈ ጥፊ ታምቡር ይቀድዳል።

የፀጉር ማድረቂያ ፎንም ይረዳል፤ ሙቀቱም ንፋሱም ዝቅተኛው ላይ ሆኖ፣ ከጆሮው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ፣ ወዲያና ወዲህ እየተንቀሳቀሰ። መጀመሪያ በእጅ አንጓ መሞከር፤ እዚያ የፈጀ ጆሮንም ይፈጃል።

ጠብታ የሚመርጡ ሰዎች ነጭ አቼቶና 70 በመቶ አልኮል እኩል ለእኩል ይቀላቅሉ፤ ከእያንዳንዱ አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። አልኮሉ ውሃውን ይዞ ይተናል፣ አቼቶው የቦዩን አሲድነት ይመልሳል። ከ3 እስከ 5 ጠብታ አድርጎ አንድ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ማፍሰስ ነው። ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ሙቀቱን ነው፦ ጠብታው ጆሮ ከመግባቱ በፊት ጠርሙሱ ለጥቂት ደቂቃ መዳፍ ውስጥ ይሙቅ። ቀዝቃዛ ጠብታ ሚዛን የሚጠብቀውን የውስጥ ጆሮ ስለሚያውክ ቤቱ የዞረበት ይመስለዋል። ታምቡሩ የተበሳ ወይም ተበስቶ እንደሆነ የሚጠረጥር፣ ጆሮው ውስጥ ትንሽ ቱቦ የተገጠመለት፣ የጆሮ ቀዶ ሕክምና ያደረገ፣ ጆሮው የሚያመው ወይም ፈሳሽ ያለው ሰው ይህን ጠብታ አይንካው። አልኮል በቀዳዳው አልፎ ከገባ ሕመሙ ብርቱ ነው፣ መስማትንም ሊጎዳ ይችላል።

አፍንጫን ይዞ መንፋት ጽሑፋችሁ ውስጥም አለ። ይህ ለአውሮፕላን ጉዞ እንጂ ለዋና አይሆንም። አየሩ የሚደርሰው ከታምቡሩ ጀርባ ነው፤ ውሃው ያለው ከፊቱ። በመካከላቸው ታምቡሩ አለ።

ገላን ታጥቦ ወይም ዋኝቶ የታሸገ ጆሮ በማግሥቱም እንደታሸገ ከሆነ ጥፋተኛው ውሃው ላይሆን ይችላል። ደረቅ ኩክ ውሃ ሲጠጣ አብጦ ቦዩን ይዘጋል። ይህን ማጋደልም ፎንም አይከፍተውም፤ የሚያለሰልስ ጠብታ ወይም በጤና ባለሙያ መታጠብ ይፈልጋል።

ኢንፌክሽን መጀመሩን ለማወቅ ጆሮን ሳብ ማድረግ ወይም ከቀዳዳው ፊት ያለችውን ትንሽ ለስላሳ አጥንት ጫን ማለት በቂ ነው። ያ ካሳመመ የቦዩ ቆዳ ታሟል። ማሳከክ ይቀድማል፣ ሕመምና ፈሳሽ ይከተላል። ብዙውን ጊዜ የሚያመጡት ሱዶሞናስና ስታፊሎኮከስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ ጠብታ ነው፤ የሚዋጥ ክኒን ለቀላሉ ሕመም አያስፈልግም። እስኪድን ከ7 እስከ 10 ቀን ውሃ አይንካው፤ ገላ ሲታጠቡ ቫዝሊን የተቀባ ጥጥ ደጃፉ ላይ ብቻ ማኖር ይቻላል። ጥጥ ከጆሮ ጋር የሚያገናኘው ጉዳይ ይህ ብቻ ነው። የስኳር ሕመም ያለባቸው፣ በተለይ በዕድሜ የገፉ፣ እንዲሁም የሰውነታቸው የመከላከል አቅም የደከመ ሰዎች ጆሯቸው ከታመመ ቀን ሳያሳድሩ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ በእነሱ ላይ ኢንፌክሽኑ ወደ ራስ ቅል አጥንት ሊዘልቅ ይችላል።

ስለ ጥጡና ስለ መንፋቱ ያላችሁትን በዚያው ዓምድ፣ አንባቢ በሚያየው ቦታ እንድታርሙልን እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር፤
የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሕክምና ባለሙያዎች