ይድረስ ለአንቴና ያዡ

ደሴ፣ ጥር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? ልጆቹስ፣ እናታቸውስ እንዴት ናቸው? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እናቴ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት። ዛሬም "ያ ልጅ" እያለች ነው የምታነሳህ። ሃምሳ ሊሞላህ ነው፤ ለእሷ ግን ገና ልጅ ነህ።

7 ዓመት ዝም አልኩህ። አባዬ ያረፈ ጊዜ 3 ጊዜ ደወልክ፣ አላነሳሁም። ስልኩ ሲጮህ ስምህን እያየሁ ነበር። አንተ ብታለቅስ እኔ እንደማልችል ስላወቅኩ ነው። ወር ሲያልፍ "አሁን ምን ብዬ ልደውል?" አልኩ። ዓመት ሲሞላ ደግሞ አፈርኩ። ከዚያ የ2014ቱ ጦርነት መጣ። ከተማውን ለቀን ወጣን፣ ስልኩም ተቋረጠ። ስንመለስ የኑሮው ሐሳብ በዛ። ይህን ሁሉ የምነግርህ ምክንያት ይሁነኝ ብዬ አይደለም። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ።

አሁን ያስጻፈኝ የአባዬ ሬዲዮ ነው።

ያቺን ናሽናል አትረሳትም። የአሰብ መንገድ ሾፌር ጓደኛው ያመጣለት። ቡፌው ላይ፣ እናቴ በሠራችው ነጭ ዳንቴል ተሸፍና የምትቀመጠው። ዳንቴሉን ከአባዬ በቀር ማንም አያነሳም ነበር። ቤቱን ጥለን ስንወጣ እዚያው ነበረች። ስንመለስ ቴሌቪዥኑም የለ፣ ቴፑም የለ። እሷ ግን ዳንቴሏን እንደለበሰች ቁጭ ብላለች። አሮጌ ናት ብለው ማንም አልነካትም። እናቴ አቅፋት አለቀሰች። ከዚያ በኋላም ቢሆን ማንም አልከፈታትም።

ዘንድሮ ለ7ኛ ዓመት ተዝካሩ ስንዘጋጅ እናቴ "ያቺን ሬዲዮ አሠራልኝ፣ ድምጿን ልስማ" አለችኝ። ፒያሳ አንድ ሬዲዮ ሠሪ አለ፣ ሸምገል ያለ ሰው። ይዤለት ሄድኩ። ከኋላ ያለውን የባትሪ ድንጋይ መክደኛ ሲከፍተው ድንጋዮቹ ፈስሰዋል፣ ሽቦውን ዝገት በልቶታል። መክደኛው ውስጥ ግን አንድ ወረቀት ተለጥፏል። ሰውዬው መነጽሩን ከፍ አድርጎ አየውና ዝም ብሎ ሰጠኝ።

የአባዬ እጅ ጽሑፍ ነው። ያ ትንንሽ፣ ወደ ቀኝ ያዘመመ ጽሑፉ። ድንጋይ የለወጠበትን ወር ሁሉ ጽፎታል። "ሰኔ 77፣ 4 ድንጋይ።" "ኅዳር 78፣ 2 ድንጋይ፣ 2ቱ ገና ናቸው።" ድንጋይ ውድ አልነበረ? ሲደክም ፀሐይ ላይ የምናሰጣው፣ በጥርሳችን ነከስ ነከስ የምናደርገው። አባዬ አንዱንም ዝም ብሎ አይጥልም ነበር። ወረድ ወረድ ስል፣ እንዲህ የሚል አገኘሁ፦ "ታኅሣሥ 80፣ 4 ድንጋይ፣ ለኳሱ።"

እዚያው ሱቁ በር ላይ ተቀመጥኩ።

ለኳሱ ብሎ ነው አራቱንም አዲስ የገዛው። ለእኔና ለአንተ። አባዬ እኮ ኳስ አይወድም ነበር።

ታስታውሳለህ አይደል? የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ አዲስ አበባ ላይ፣ እኛና ዚምባብዌ። እቤታችን ሃያ ሰው ይሆናል የነበረው። መደቡ ሞልቶ፣ መሬቱ ሞልቶ፣ እናትህ ሳይቀሩ በሩ ላይ ቆመው። በሾርት ዌቭ ነበር የምንይዘው፣ እሱም ሄድ መጣ ይላል። አንቴናው ሲያዝ ግን ጥርት ይላል። ያዡ ደግሞ አንተ ነበርክ። ከእኔ ይልቅ ባንተ እጅ ይሻላት ነበር፤ ለምን እንደሆነ አሁንም አላውቅም። ወንበር ላይ ቆመህ፣ ትንፋሽህን ውጠህ ትይዛታለህ። ደምሴ ዳምጤ ያን ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የኛ ቤት ስታዲየም ይሆናል። የኛ ጎል ሲገባ ሁላችንም ዘለልን። አንተም ዘለልክ፣ አንቴናውን እንደያዝክ። ቀጭ!

ጎሉን ትቼ የማስታውሰው ፊትህን ነው። ግማሹ አንቴና እጅህ ላይ፣ አፍህ ክፍት ብሎ። ሬዲዮው ሻሻሻ ብቻ ሆነ። ሰዉ ሁሉ ባንተ ላይ ሊጮህ ሲል አባዬ ተነሣና ጣቱን በቀረው ጉማጅ ላይ አደረገ። ድምፁ መጣ። ከዚያ በኋላ አልተቀመጠም። ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ፣ ፍጹም ቅጣት ምት መጣ፣ ጣቱን አላነሣም። እጁ ሲደክመው በሌላኛው ይለውጣል። አሸነፍን ሲባል ሰዉ ሁሉ እየጨፈረ ወጣ፤ እሱ ግን ጣቱን እንዳስቀመጠ ነበር። ይህን አንተ አላየህም። አንተማ ከጎሉ በኋላ ሮጠህ ጠፍተህ ነበር።

ሁለት ሳምንት ቀረህ። በር ላይ ሳገኝህ ታጎነብሳለህ። እቤት ስትቀር አባዬ ማታ ማታ በሩን ያያል። በመጨረሻ ጠራኝና "ሂድ ጥራው። አንቴና ያዥ የለንም በለው" አለኝ። አንተም መጣህ። ገና ከመግባትህ "አብሽር" አለህና ወንበርህን አሳየህ። በአንቴናው ምትክ የልብስ መስቀያ ሽቦ ቆርጦ አስሮልህ ነበር።

እዚያ ወንበር ላይ ቆመህ ስንቱን አሰማኸን። ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን ሲተርክ እናቴ ቡና እየለቀመች ሰብለወንጌልን ስታለቅስላት። የጉዱ ካሳን ድምፅ ሲያወጣ አባዬ ብቻውን ሲስቅ። ቴሌቪዥን በ1957 አዲስ አበባ ላይ ቢጀመርም እኛ ሰፈር የደረሰው ስንት ዘመን ቆይቶ ነው። 10 ሳንቲም ከፍለን፣ መሬት ላይ ተደርድረን አባባ ተስፋዬን ያየንበት ጊዜም ደስ ይል ነበር፣ አልዋሽም። ግን ለሬዲዮ ልቤ ያደላል። ሰብለን እያንዳንዳችን ለየራሳችን ነው የሣልናት። ያንተዋ እህትህን ትመስል ነበር፣ ነግረኸኛል።

ሌሊቱስ? አባዬ መስኮቱን ዘግቶ፣ ጋቢውን ከሬዲዮው ጋር ተከናንቦ ከኮሎኝ የጀርመን ድምፅን፣ ከዋሽንግተን የአሜሪካ ድምፅን ሲያዳምጥ። እኛ እግሩ ሥር የተኛን መስለን ጆሯችንን እንጥላለን። ጠዋት ትምህርት ቤት ላይ ቃል አይወጣንም። ያኔ ድምፁ ሄዶ ሲመጣ የጦሳ ነፋስ ነው የሚወስደው እንል ነበር። ሬዲዮ ሠሪው አሁን አስረዳኝ። ሾርት ዌቭ ወደ ላይ ወጥቶ፣ ከላይኛው አየር ነጥሮ ነው የሚመለሰው። ያ የላይኛው አየር ሲለዋወጥ ድምፁም ይደክማል፣ ይበረታል። ሲመሽ ደግሞ የሩቁ ይሻላል። ዋሽንግተን ለኔ በጋቢ ውስጥ የሚሰማ ስም ነበረች። አሁን አንተ ልጆችህን ትምህርት ቤት የምታደርስባት ከተማ ሆነች። አንዳንዴ ሳስበው ይገርመኛል።

ሬዲዮዋ ተሠራች። ሰውዬው ሽቦዎቹን በይዶ፣ ስፒከሩን አጽድቶ፣ "አንቴናውን አዲስ ላድርግልህ?" አለኝ። የመስቀያው ሽቦ እስካሁን አለ፣ አባዬ ባሰረው ክር እንደታሰረ። አይሆንም አልኩት። ማታ እናቴ ፊት ከፈትኳት። ለረጅም ጊዜ ሻሻታ ብቻ ነበር። ቀዩን መስመር ቀስ እያልኩ ስገፋ የሰው ድምፅ መጣ፣ በማናውቀው ቋንቋ። ላልፈው ስል እናቴ "ተዋት፣ ታውራ" አለችኝ። እዚያው ተውኳት፤ እናቴም ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ሽቦውን ይዤ ቆምኩ። እጄ ዛለ።

ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ከታች ያለውን ተመልከት፣ ከ80ው ቀጥሎ። "ጥር 80፣ ሽቦ። ልጁ ተመልሷል።" ይላል። ይህን ያኔ አላየሁትም ነበር፣ አንተም አላየኸውም።

ስልኬ ያው የድሮው ነው። እሁድ ማታ በኛ ሰዓት ቤት ነኝ፣ እናቴም አጠገቤ ትሆናለች። ደውል። በመጀመሪያው ጥሪ አነሳዋለሁ።

ወንድምህ፣
ከደሴ