ጌም ለመማር የግድ ባሕር ማዶ?

በልጅነቱ ኮምፒውተር ነክቶ፣ ሶፍትዌር መሐንዲስ ሆኖ፣ ጌም መሥራት ለመማር ውጭ ስለሄደው ወጣት ያወጣችሁትን አነበብኩ። የእኔም መንገድ ያው ነው። ሰፈራችን ጌም ቤት መብራት ሲጠፋ የቀረችንን ደቂቃ በወረቀት ይጽፉልን ነበር።

ጽሑፉ ግን ውጭ መሄድን ግዴታ አስመስሎታል። አልስማማም። ጎዶት የተባለው የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምንጭ ኮዱ (ራሱ የተጻፈበት ኮድ) ሳይቀር በነፃ ይገኛል። ውጭ ሄጄ ስማር እኔን የጠቀመኝ በቡድን መሥራቱ ነው። ሠዓሊው፣ ድምፅ ሠሪውና ኮድ ጻፊው አብረን ቆመን፣ ያልጨረስነውን ጌም ሰው ሲጫወተው ዝም ብለን እናያለን። የት ጋ እንደሚሰለች ያኔ ይገባሃል።

ይህ እዚህም ይቻላል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአለ ፈለገ ሰላም ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ለመመረቂያቸው አንድ ጌም በጋራ ይሥሩ። በገበጣ ይጀምሩ።